ቤታ ሲስተም በዋናው ላፕቶፔ ላይ፦ ከደሴ ጽሕፈት ቤት የአንድ ወር ልምድ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ቤት አለችኝ። ታይፕ፣ ፕሪንት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔት፣ ጥረዛ እሠራለሁ። ያለኝ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ፕሪንተርና አንድ የፎቶ ኮፒ ማሽን ነው። ላፕቶፑ ከቆመ ቤቱ ይቆማል።

ዛሬ የምጽፈው "በዋና ኮምፒውተራችሁ ላይ አትጫኑት" ስለሚባለው ነገር ነው። ቤታ ስለሚሉት፣ ገና ተሠርቶ ስላላለቀ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ስለሚያንቀሳቅሰው ዋና ፕሮግራም። እኔ በዋናው ላይ ጫንኩት፤ ሌላ የለኝም። ከመጋቢት 14 ቀን 2017 ጀምሮ አንድ ወር ያህል የሰው አቤቱታ፣ የሰው ሲቪ፣ የሰው መመረቂያ ጽሑፍ የተየብኩት በዚህ ሲስተም ነው። ሊኑክስ ከሚባለው፣ በነጻ ከሚሰጠው ሲስተም ወገን ነው። ስሙን ግን አልጠራም። ያየሁትን ጉድለት ያየሁት ገና በሙከራ ላይ ሳለ ነው፤ እንጀራው ምጣድ ላይ እያለ ዓይን አላወጣም ብሎ ጋጋሪዋን ማማት ደግ አይደለም። አሁን ያለቀለት እትም ወጥቷል፣ ከምነግራችሁ ችግር አብዛኛው የለበትም።

ቤታ ማለት በአጭሩ ይህ ነው። ሰሪዎቹ ይገባል ያሉት ነገር ሁሉ ገብቶ አልቋል። የቀረው ስህተት መልቀም ነው። ስህተቱን ደግሞ እነሱ ብቻቸውን ለቅመው አይጨርሱትም፤ ስለዚህ ለሕዝብ ይሰጣል። ነገሩ አዲስ አይደለም። አፕል በ2000 እ.ኤ.አ. ማክ ኦኤስ ኤክስን ገና ሳያልቅ ለሕዝብ ሲያወጣ በ29.95 ዶላር ሸጦታል። ሰው ገንዘብ ከፍሎ ያላለቀ ነገር ሞክሯል። የእኔው በነጻ ነበር፤ የከፈልኩት በሌላ መንገድ ነው፤ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደጫንኩት ልንገራችሁ።

ላፕቶፔ ስድስተኛ ትውልድ ኢንቴል ነው። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛ ትውልድ ወዲህ ያለውን ነው፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ቺፕም ይጠይቃል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 የሚያበቃ ነበር፤ አሁን አብቅቷል። ማሽኑ ግን ጤነኛ ነው። ኪቦርዱን እጄ ለምዶታል፤ ሳላይ ነው የምተይብበት። ጥዬው ሌላ ልግዛ ብል የዛሬ ዋጋ የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ በጥቅምት 2017 ወደ ሊኑክስ ዞርኩ፤ ያኔ የጫንኩት ያለቀለቱን እትም ነበር።

ጥሩ ሠራ። አንዲት ነገር ግን እንቅልፍ ነሳችኝ። በደማቁ ስጽፍ "ቋ"፣ "ኳ" እና "ጧ" ሳይደምቁ ይቀራሉ። ሌላው ፊደል ሁሉ ደምቆ እነሱ ብቻ ቅጥነታቸውን ይዘው፣ ከሌላ ፎንት የመጡ መስለው ይቆማሉ። ትንሽ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። ግን ሲቪ የምትተይቡ ከሆነ "ቋሚ አድራሻ" የማይገባበት ወረቀት የለም። ሥራ ፈላጊው ልጅ በመጨረሻ ብሩ ያስጻፈው ሲቪ ላይ የመጀመሪያዋ ፊደል ታማ ታያለች። በየወረቀቱ እየገባሁ ፎንት እየቀየርኩ በእጅ አስተካክል ነበር።

ችግሩን ለሰሪዎቹ ጻፍኩላቸው። መልሱ በትህትና የተጻፈ ነበር፤ ይህ እትም ወጥቷል፣ ለሚቀጥለው እናየዋለን አሉ። የሚቀጥለው ከስድስት ወር በኋላ ነው።

የአጎቴ ልጅ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይማራል። እሱ ነው ቤታውን ያመጣው። "እታለም፣ ጨው የሚቀመሰው ወጡ ሳይወርድ ነው። ወጥቶ ካለቀ በኋላ ብትጮሂ ማን ይሰማሻል? አማርኛ የሚተይብ ሰው ቤታው ላይ ከሌለ የአማርኛው ስህተት እንዳለ ይወጣል" አለኝ። ይህ አነጋገሩ አሳመነኝ። እስካሁንም እንዳሳመነኝ ነው።

ጊዜውን በደንብ መርጫለሁ። በ2017 ዐቢይ ጾምና ረመዳን አንድ ላይ ነው የገቡት። ደሴን የሚያውቅ ያውቃል፤ በሁለቱም በኩል ሰርግ የለም ማለት ነው። የሰርግ ካርድ የለም፣ የድግስ ጥሪ የለም። የተማሪዎቹ መመረቂያ ጽሑፍ የሚጎርፈው ከግንቦት ወዲህ ነው። መጋቢት ለእኔ ቤት ከዓመቱ ቀዝቃዛው ወር ነው። አንድ ነገር መሞከር ካለብኝ ያኔ ነው።

ፋይሉ ከሁለት ጊጋ በላይ ነው። ልጁ ሌሊት ኔት ሲፈጥን ኮምቦልቻ አውርዶ ፍላሽ ላይ አደረገልኝና ቅዳሜ በሚኒባስ ያንን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ አመጣልኝ። እሑድ ቤቱን ዘግተን ጫንነው። ከዚያ በፊት ያለኝን ፋይል ሁሉ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገለበጥኩ። ይህን ያደረግኩት የሁሉም ሰሪ የመጀመሪያ ምክር ይህ ስለሆነ ነው፤ አፕልም ማይክሮሶፍትም ሊኑክሶቹም በዚህ ይስማማሉ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም ተጭኖ ሲያልቅ።

መጀመሪያ የጻፍኩት "ቋሚ አድራሻ" ነው። በደማቁ። "ቋ" እንደ እህቶቿ ደምቃ ወጣች። የአጎቴን ልጅ አቀፍኩት።

የመጀመሪያው ሳምንት ደስ የሚል ነበር። ከበፊቱ እትም ፈጥኖ ይነሳል። ክዳኑን ዘግቼ ስከፍት ከነሥራዬ ይጠብቀኛል፤ በፊት አንዳንዴ አልነቃ እያለ ያስቸግረኝ ነበር። ዋይፋዩ ምንም አላለም። ባትሪው ግን ቶሎ ያልቃል። የሙከራ እትም ከበስተጀርባ ስህተት የሚመዘግብበት ተጨማሪ ሥራ ሊኖረው ይችላል፤ እኔ ጋ ሁለት ሰዓት ይቆይ የነበረው ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወርዷል። አንድ ቀን ይዤው ኮምቦልቻ ወርጄ ነበር። እዚያ ሙቀት ውስጥ የማራገቢያው ድምፅ ጎልቶ ተሰማኝ። ደሴ ላይ የጦሳ ተራራ ብርድ ይሸፍንለታል መሰለኝ፤ ብዙም አይሰማም።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ፤ ወደ አማርኛው።

ከአራት ቀን በኋላ አንድ አፕዴት ገባ። ከዚያ በኋላ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ቀይሬ ወዲያው ስተይብ የመጀመሪያዋ ፊደል በላቲን ትቀራለች። "ለደሴ ከተማ" ብዬ ልጀምር ስል "ለ" በእንግሊዝኛ ፊደል ቀርታ "ደሴ ከተማ" ትከተላለች። ቀይሬ አንድ ሰከንድ ከታገስኩ ምንም የለም። ፈጥኜ ከተየብኩ ግን ሁልጊዜ። ቀስ ብሎ የሚተይብ ሰው ይህን ስህተት ዕድሜ ልኩን አያየውም። አማርኛን ለሙከራ ሁለት ቃል ጽፎ "ይሠራል" የሚል ሰውም አያየውም። እንደ እኔ በቀን ሰባት ስምንት ሰዓት የሚተይብ፣ የስም ዝርዝር በአማርኛ፣ ኢሜይል በእንግሊዝኛ፣ እንደገና በአማርኛ እያለ ሲቀያይር የሚውል ሰው ነው የሚያየው።

እዚህ ላይ ቆም ልበልና የማስበውን ልንገራችሁ። "ቤታ የምትሞክሩ ከሆነ በትርፍ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩ" ይባላል። ምክሩ ትክክል ነው። ግን ትርፍ ኮምፒውተር ላይ ሰው አይሠራም። ከፍቶ ያየዋል፣ ቀለሙን ይቀያይራል፣ ይዘጋዋል። እውነተኛው ስህተት የሚወጣው እውነተኛ ሥራ ሲሠራበት ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ምሳሌ የኤክስዜድ ነገር ነው። በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የማይክሮሶፍት ባለሙያ፣ ዴቢያን በሚባለው ሊኑክስ፣ ገና በሙከራ ላይ ባለ እትም የራሱን ሥራ ሲሠራ፣ ከርቀት ወደ ማሽኑ መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየበት አየ። ግማሽ ሰከንድ! አላለፈውም። ሲቆፍር ኤክስዜድ በሚባለው የፋይል መጭመቂያ ውስጥ፣ በ5.6.0 እና በ5.6.1 እትሞቹ፣ ሰው ሆን ብሎ የደበቀው የኋላ በር፣ ማለትም ለሰርጎ ገብ የሚከፈት መንገድ፣ ተገኘ። በርካታ የሙከራ እትሞች ውስጥ ገብቶ ነበር። በሚሊዮን በሚቆጠሩ ሰርቨሮች ላይ ያለው ያለቀለት እትም ውስጥ ሳይደርስ ተያዘ። ኡቡንቱ የሚባለው ሌላው ሊኑክስ የ24.04 ቤታውን ለአንድ ሳምንት አዘግይቶ የፕሮግራም ጥቅሎቹን እንደ አዲስ ገነባ፤ ሚያዝያ 4 ይወጣል የተባለው ሚያዝያ 11 ወጣ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ሁለቱንም አስተውሉ። አደጋው ቀድሞ የደረሰው ሙከራ ላይ የነበሩት ጋ ነው። የያዘውም ሙከራ ላይ የነበረ ሰው ነው፤ እየሠራ ስለነበረ ያዘው።

እንግዲህ እኔም እየሠራሁ ነበር። ግን የምሠራው የራሴን አልነበረም። ይህንን ያሳዩኝ አንድ አባት ናቸው።

ረቡዕ መጋቢት 24 ነው። ማታ አፕዴት አድርጌ ዘግቼ ሄጃለሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስከፍተው ስክሪኑ ጥቁር። ከላይ በግራ አንዲት መስመር ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ሌላ ምንም የለም። አጥፍቼ አበራሁ። ያው። ሦስቴ ሞከርኩ።

ከኩታበር የመጡ አባባ ከበሩ ላይ ቆመዋል። ትናንት ከሰዓት የይግባኝ አቤቱታቸውን ተይቤላቸዋለሁ፤ አራት ገጽ፣ የመሬት ክርክር ነው። መብራት ስለሄደ ፕሪንት ሳላደርግላቸው ነበር የተለያየነው። ይግባኙ የሚገባበት የመጨረሻ ቀን ያ ቀን ነው። እሳቸው ያን ያህል መንገድ ሌሊት ተነስተው የመጡት ለዚያ ነው።

የአጎቴ ልጅ ጋ ደወልኩ፤ አያነሳም፣ ክፍል ነው። እጄ ተንቀጠቀጠ። እውነቱን ነው የምነግራችሁ፤ የአራት ገጹን የእጅ ጽሑፍ እንደገና ልጀምር ነበር፣ ማሽን እንኳ ሳይኖረኝ።

አባባ አንዲት ዱካ ላይ ቁጭ አሉና፣ "አብሽሪ ልጄ፣ ገና ሰዓት አለኝ" አሉኝ። ያንን ሲሉኝ ይበልጥ ጨነቀኝ።

ከዚያ የተጫነበት ፍላሽ ትዝ አለኝ። ሊኑክስ ሳይጫን ከፍላሽ ላይ ተነስቶ መሞከር ይቻላል። ሰክቼ ከፍላሹ አስነሳሁት። ተነሳ። የላፕቶፑን ዲስክ ከፈትኩ። ፋይሎቼ በሙሉ እንዳሉ ናቸው! ሲስተሙ ነው እንጂ ሥራው አልጠፋም። አቤቱታውን ከፈትኩት። ፍላሹ ላይ የእኔ ፎንት ስለሌለ አራቱ ገጽ አምስት ሆኗል፤ የፊርማ ቦታዋ ብቻዋን አምስተኛው ገጽ ላይ ወድቃለች። ጠርዙን አጥብቤ ወደ አራት መለስኳት። ፒዲኤፍ አደረግኩት። የእኔ ፕሪንተር በፍላሹ ሲስተም አልታወቀም፤ ጎረቤቴ ጋ ሮጬ ሦስት ኮፒ አስወጣሁ። ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ሆኗል። ፍርድ ቤቱ እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ይሠራል።

ወረቀቱን ስሰጣቸው፣ "ምን ሆኖ ነው ልጄ?" አሉኝ።

"አዲስ ሲስተም እየሞከርኩ ነው አባባ። ገና ያላለቀ ነው" አልኳቸው።

ትንሽ አዩኝ። አልተቆጡም። "በእኔ ወረቀት ነው የምትሞክሪው?" አሉ።

መልስ አልነበረኝም። ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ወጡ። ያን ቀን ቀኑን ሙሉ ሌላ ሰው አላስተናገድኩም። ብርም አልተቀበልኳቸው፤ ግን ይህ የሚክስ ነገር አልነበረም።

ከሰዓት ልጁ ደወለና መፍትሔው ሁለት ደቂቃ እንደማይፈጅ ነገረኝ። ጥፋቱ የአዲሱ ከርነልና የእኔ አሮጌ የስክሪን ካርድ አለመስማማት ነው። ከርነል ማለት የሲስተሙ ልብ ነው፤ ሊኑክስ አዲስ ሲጭን አሮጌውን ወዲያው አይጥልም። ማሽኑ ሲነሳ እንደየማሽኑ ሺፍት ወይም ኢስኬፕ ከተጫኑ ዝርዝር ይመጣል፤ ከዝርዝሩ አሮጌውን ከርነል መርጦ መግባት ነው። ገባሁ። ሁሉ ነገር ባለበት አለ። ይህን ቀድሜ ባውቅ አባባ አንድ ሰዓት ከሃያ ባልጠበቁ። ቤታ የምትጭኑ ሰዎች ሆይ፣ ይህችን ነገር ሳይበላሽ በፊት ተለማመዷት። የተበላሸ ቀን እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ማንበብም አይቻልም።

ከዚያ ቀን በኋላ ቤታውን ልተወው ነበር። ሳልተወው የቀረሁት በአንድ ነገር ነው፤ የላቲኗ ፊደል ገና አልተስተካከለችም ነበር። ትቼው ብሄድ ማን ያያታል?

ግን አሠራሬን ለወጥኩ። ኤስኤስዲ የምትባል አንዲት ትንሽ ዲስክ፣ 120 ጊጋ ናት፣ ገዝቼ በዩኤስቢ መያዣ ውስጥ አደረግኳት። በላይዋ ያለቀለቱን የጥቅምቱን እትም ጫንኩባት፤ ከነፎንቴ፣ ከነፕሪንተሬ። ቤታው ቢወድቅ እሷን ሰክቼ በሁለት ደቂቃ ሥራ እጀምራለሁ። የደንበኛ ጽሑፍ ሲያልቅ ወዲያውኑ ፒዲኤፍ ሆኖ ፍላሽ ላይ ይገባል፤ ማታ አይጠብቅም። አፕዴት የማደርገው ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ነው፤ እሑድ ቢበላሽ እንኳ የሚጠብቀኝ ሰው የለም። መብራት ሲመላለስ ደግሞ ጨርሶ አልነካውም። አፕዴት መሃል ላይ መብራት መሄድ ከቤታነቱ የባሰ ነው፤ ያለቀለት ሲስተም የያዛችሁም ብትሆኑ።

ከዚያ በኋላ ቤታው ሁለቴ አስቸግሮኛል። አንዴ ፕሪንተሩ በሁለት ገጽ አላወጣ ብሎ ግማሽ ቀን በኤስኤስዲዋ ሠራሁ። አንዴ ድምፁ ጠፋ፤ ለእኔ ሥራ ድምፅ ምንም ስለማያደርግ ተውኩት። ደንበኛ አንዱንም አላወቀም።

ስለ ፓወር ግዕዝ፣ ስለ ቆየው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም፣ የሚጠይቀኝ ሰው ስለማይጠፋ በአጭሩ። ብዙ መሥሪያ ቤት የቆየ ሰነዱ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ነው። ሊኑክስ ላይ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። ይህ የቤታው ጥፋት አይደለም፣ የሊኑክስም አይደለም። ዩኒኮድ፣ ማለትም የየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር የሚያገኝበት የዓለም ስምምነት፣ የግዕዝን ፊደል የተቀበለው በ1999 እ.ኤ.አ. በ3.0 እትሙ ነው፤ እነዚያ ፎንቶች የእንግሊዝኛውን ቦታ ተውሰው የሚሠሩ ናቸው። ፎንቱን ከጫናችሁት ማንበብና ፕሪንት ማድረግ ይቻላል። አዲስ ነገር ግን በዩኒኮድ ጻፉ፤ የዛሬ አሥር ዓመት የሚከፍተውን ሰው አስቡለት።

አሁን ስለ ሪፖርቱ። ለእኔ የቤታ ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ሪፖርት የማታደርጉ ከሆነ መከራውን ያያችሁት በከንቱ ነው።

ስለ ላቲኗ ፊደል መጀመሪያ የጻፍኩት "አማርኛ በትክክል አይሠራም" የሚል ነበር። መልስ አላገኘም። ልጁ አየውና፣ "እታለም፣ ይህን አይቶ ምን ያድርግ ሰውየው?" አለኝ። አብረን እንደገና ጻፍነው። የትኛውን ቁልፍ ስጫን፣ ምን ያህል ፈጥኜ ስተይብ፣ ምን ይወጣል፣ ምን መውጣት ነበረበት፣ ከየትኛው ቀን አፕዴት በኋላ ጀመረ። ስክሪኑን በስልክ ቀድተን አያያዝን። መጨረሻ ላይ እኔ አንድ መስመር ጨመርኩ፤ በዚህ ቋንቋ የፍርድ ቤት ወረቀት እንደሚጻፍና የመጀመሪያዋ ፊደል ከተሳሳተች ወረቀቱ እንደሚመለስ።

በማግስቱ አንድ ሰው መለሰልኝ። አማርኛ አያውቅም። የትኛውን የመጻፊያ ዘዴ እንደምጠቀም ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። አንድ ፋይል ላኪልኝ አለኝ፤ ላክሁለት። በዘጠነኛው ቀን አፕዴት ገባ። ቅዳሜ ነበር። ቀይሬ፣ አንዲት ቅጽበት ሳልታገስ፣ "ለደሴ ከተማ" ብዬ መታሁ። "ለ" በራሷ ፊደል ወጣች። ደግሜ መታሁ። አሥር ጊዜ መታሁ። የማላውቀው፣ የማያውቀኝ ሰው፣ ቋንቋዬንም የማያነብ፣ ያስተካከለልኝ ነገር ነው። ያን ቀን ማታ ለማመስገን ብቻ አንድ መልእክት ጻፍኩለት።

የሪፖርት ክብደት መናገር ለምን እንደሚያስፈልግ ሌላ ምሳሌ ልጨምር። በጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የዊንዶውስ 10 እትም የአንዳንድ ሰዎችን ሰነድ ሰርዞ ማይክሮሶፍት ስርጭቱን አቁሞት ነበር። ከዚያ በፊት በሙከራ ላይ ከነበሩት ጥቂቶቹ ይህንኑ ጽፈው ነበር፤ ከሌላው ሪፖርት ብዛት ውስጥ ሰጥሞ ቀረ። ከዚያ በኋላ ነው ሪፖርት የሚጽፈው ሰው የችግሩን ክብደት የሚያመለክትበት ቦታ የተጨመረው። ስለዚህ ስትጽፉ በዚህ ስህተት ምን እንደሚጠፋባችሁ ጻፉ። አታፍሩ።

ወጪውን ቃል ገብቼ ነበር። በወሩ ውስጥ በአፕዴት ብቻ ወደ 9 ጊጋ ሄዷል። ከቤቴ በሞባይል ዳታ ቢሆን አልችለውም ነበር፤ ልጁ ካለበት ዋይፋይ ነው ያዳነኝ። ኤስኤስዲዋ የራሷ ዋጋ አላት። ሁለት የሥራ ቀን ጠፍቶብኛል። ቤታ ነጻ ነው የሚላችሁ ሰው ይህን አልቆጠረም።

ዊንዶውስ ላይ ላላችሁ፣ የኢንሳይደር ፕሮግራም የሚባለው ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ካናሪ፣ ዴቭ፣ ቤታ፣ ሪሊስ ፕሪቪው የሚባሉ ደረጃዎች አሉት። በምትሠሩበት ማሽን ላይ ካናሪን አትንኩ፤ ከሱ ለመውጣት ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ያስፈልጋል። ሪሊስ ፕሪቪው ለመውጣት የቀረበው ስለሆነ ከሁሉ ይሻላል። ማክ ላይም ወደ ኋላ ለመመለስ ዲስኩን አጥፍቶ ከባክአፕ መመለስ ነው። የእኔ ሲስተም በዚህ በኩል ጥሩ ነው፤ ያለቀለቱ ሲወጣ ምንም ሳልጭን በአፕዴት ብቻ ወደ እሱ ተሻገርኩ።

ታዲያ ልጫነው ወይስ አልጫነው ለምትሉኝ። ማሽናችሁ ላይ ያለው የራሳችሁ ሥራ ብቻ ከሆነና ባክአፕ ካላችሁ ጫኑት፤ በተለይ አማርኛ በብዛት የምትተይቡ ከሆነ እለምናችኋለሁ። የሰው ሥራ የምትይዙ ከሆነ፣ እንደ እኔ፣ ያለቀለቱ ሲስተም ያለበት ሁለተኛ ዲስክ ሳይኖራችሁ አትጫኑት። እኔ ያለ እሱ አሥር ቀን ሠርቻለሁ፤ ያ ስህተት ነበር፣ የእኔ። መመረቂያ ጽሑፍ እየጻፋችሁ ያላችሁ ተማሪዎች ግን ተዉት። አማካሪያችሁ የሰጣችሁ ቀን አይጠብቃችሁም። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ማሽን ደግሞ ጨርሶ፤ እዚያ የተቀመጠው የባለጉዳይ ጊዜ ነው።

የሚቀጥለው ቤታ መስከረም ላይ ይጠበቃል። መስከረም ለእኔ ቤት የምዝገባ ወር ነው፤ ቅጽ፣ ፎቶ፣ የልደት ካርድ ኮፒ፣ ሰልፉ እስከ በር ይደርሳል። ስለዚህ ያንጊዜ ዋናው ላይ ያለቀለቱ ይሆናል፣ ቤታው በኤስኤስዲዋ ላይ። ማታ ማታ ሰው ሲቀል በእሱ እተይባለሁ። ልጁም ከካምፓስ ሁለት ጓደኞቹን ጨምሮ የግዕዝ ቁጥሮቹን እናያለን ብሏል።

ባለፈው ሳምንት አባባ ተመልሰው መጡ። ይግባኛቸው ተቀባይነት አግኝቶ ቀጠሮ ተሰጥቷቸዋል። መጥሪያውን ከፌስታሉ አወጡና ከበሩ ላይ ቆመው ላፕቶፑን አዩት።

"ሙከራው አለቀ ወይ ልጄ?" አሉኝ።

"አለቀ አባባ። አሁን ያለቀለት ነው።"

"እንግዲያው ይችን ሁለት ኮፒ አርጊልኝ፤ አንድ ደብዳቤም የምትጽፊልኝ አለች" ብለው ዱካዋ ላይ ተቀመጡ።